ተነስቼላቸው ነበር

ይህን እንድጽፍ የወተወቱኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ቡራዩ ስሆን «አኮ፣ ያንን የቦርዱን ነገር ንገሪን» ይሉኛል፤ አኮ አያቴ ማለት ነው። ሰበታ ያሉት ደግሞ «ወንበር ላይ ተጣብቀሽ የቀረሽባትን ቀን» እያሉ ይስቁብኛል። በቅርቡ ግን ሳቁ ቀረ። ሰበታ ያለችው የልጄ የሙሉ ጎረቤት ልጅ ከግንባር ቆስሎ ተመለሰና የጉዳት አበል ሊጠይቅ ሐኪሞች ፊት ሊቀርብ ነው ተባለ። ልጆቹ ተሰብስበው መጥተው «ለእሱ ስትይ ጻፊው፣ በወሬ ብቻ ይረሳል» አሉኝ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ጦር ሰፈር ውስጥ ነው፤ አንዲት የሬዲዮ ክፍል ልጅ በጥይት ሣጥን ክዳን ላይ በከሰል እየጻፈች አስተማረችኝ። ስለዚህ ስጽፍም እንደማወራው ነው። ወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ ታገሱኝ።

ስሜ የሺ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቤትሽ የት ነው ብትሉኝ መልስ የለኝም። ግርማ የሚባለው ልጄ ጫንጮ ያርሳል፣ ታናሹ ቡራዩ የብረት በርና መስኮት ይበይዳል፣ ሙሉ ሰበታ ናት። ገብስ ሲታጨድ ጫንጮ ነኝ፣ ሕፃን ሲወለድ ቡራዩ፣ ሆድ ሲብሰኝ ሰበታ። ታክሲ ላይ ረዳቶቹ ያውቁኛል።

ሕመሙ የጀመረኝ ጫንጮ ነው። ከገበያ ስመለስ ቀኝ ዳሌዬ ውስጥ ፍም የተቀበረ ይመስል አቃጠለኝ። የሱሉልታ ብርድ ነው ተባለና ቅቤ ታሸሁበት። ጠበልም ተጠመቅኩ፤ ቀለል ያለኝ መሰለኝ። ከወር በኋላ ግን ቡራዩ ከታክሲ ወርጄ ትንሽ እንደሄድኩ ረዳቱ ከኋላዬ «እማማ፣ ጫማዎን ረሱ!» ብሎ ጮኸ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ቀኝ እግሬ ባዶውን ነው። ጫማው ሲወልቅም መሬቱን ስረግጥም አልተሰማኝም።

ያኔ ፈራሁ።

ከዚያ ክሊኒክ ለክሊኒክ ሆነ። የመጀመሪያው ደሜን አይቶ «ታይፎይድ ነው» አለና መርፌ ወጋኝ። ትኩሳቱ በረደ፣ ተመለሰ። ሁለተኛው «ኩላሊት» አለኝ። ውኃ ጠጪ ተባልኩና ጠጣሁ፤ ሽንት ቤት ለመድረስ እግር የሌላትን ሴት ውኃ አጠጧት! ሦስተኛው «ሪህ ነው፣ ሥጋ አትብዪ» አለ። ሥጋውን ማን ሰጥቶኝ? በዚያ ዓመት ያልተባልኩት ነፍሰ ጡር ብቻ ነው።

ወረፋ መጠበቁ ከሕመሙ ይብስ ነበር። እነዚያ ረጃጅም አግዳሚዎች መደገፊያ የላቸውም። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ሙስሊም ነጋዴ ዝም ብላ ስታየኝ ቆየችና የያዘችውን የጨርቅ ጥቅል ከጀርባዬ ሸጎጠችልኝ። «ለሽያጭ የያዝሽው አይደለም እንዴ?» አልኳት። «ቢጨማደድ ይተኮሳል፤ እርስዎ ግን አይተኮሱም» ብላ አሳቀችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳት። እስካሁን እመርቃታለሁ።

ማታ ሁሉ ሲተኛ እግሬን እቆነጥጠዋለሁ። ከጉልበቴ በታች አይሰማኝም። ነገ ደግሞ ከየት ይጀምር ይሆን እያልኩ ሳስብ ይነጋል።

በመጨረሻ ልጄ ሙሉ ሰበታ አንዲት ሐኪም ጋ ወሰደችኝ፤ ለጋ ልጅ ናት። ራጅ አስነሳችኝና ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። ከዚያ፣

«እማማ፣ ወታደር ነበሩ እንዴ?»

በዚያ ሁሉ ክሊኒክ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። ነጠላ የለበሰች አሮጊት አይቶ ወታደር ነበረች የሚል ማን ነው? ለልጆቼም ቢሆን ጦር ሰፈር እሠራ ነበር ከማለት በቀር ብዙ አላወራሁም። «ቁስለኛ አንሺ ነበርኩ» አልኳት።

«እንግዲያው ከዚያ ይዘውት የመጡት ብረት ይኸውልዎት፣ ዳሌዎ ውስጥ።»

ሙሉ እኔን እንደ እንግዳ አየችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰሜን ግንባር ቁስለኞች በጭነት መኪና ይዘን ስንወርድ ከባድ መሣሪያ አጠገባችን ወደቀ። ፍንጣሪው ዳሌዬን መታኝ። ድንኳን ውስጥ ትልቁን አወጡልኝና «ትንሿን ትተናታል፣ ምንም አታደርግሽም» አሉኝ። እውነትም ብዙ ዘመን ምንም አላደረገችኝም፤ ሦስት ልጅ ወልጄባታለሁ። አሁን ግን ዙሪያዋን አጥንቱ አመርቅዟል። ሐኪሟ ኦስትዮማይላይተስ አለችው፤ አጥንት ውስጥ መግል ሲቋጥር ማለት ነው። ነርቬንም ተጭኖታል። «ብረቱ ወጥቶ አጥንቱ ካልተጸዳ እግርዎን ያጡታል። ቶሎ መሆን አለበት» አለችን።

የግል ሆስፒታል የጠየቀውን ገንዘብ ሰምተን ተመለስን። ማታ መጋረጃ ጀርባ ተኝቼ ልጆቼ ሲጣሉ ሰማሁ።

«አንዱን በሬ እሸጣለሁ» ይላል ግርማ።

«በአንድ በሬ ልታርስ? ልጆችህን ምን ልታበላ?»

«አንቺ ታዲያ እግሯ እስኪቆረጥ ቁጭ ብለሽ እያት!»

«እናታችን ወታደር ነበረች ግርማ! የቆሰለችው ሽንኩርት ስትከትፍ አይደለም። መብቷ ነው፣ ያክሟት!»

መብት የሚባል ነገር ያኔ ነው የሰማሁት። በአገልግሎት ላይ የቆሰለ ሰው፣ ሐኪሞች የተሰበሰቡበት ቦርድ ጉዳቱን አይቶ ከወሰነለት የጉዳት አበል ያገኛል፤ ሕክምናውንም በነፃ። መቁሰሌን የሚያሳይ ማስረጃ ነበረኝ፤ በዚያ ማንም አልተከራከረኝም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ ምን ያህል ተጎድተሻል?

የተቀጠርኩ ቀን አንድ ክፍል አስገቡኝ። ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ከማዶ ሦስት ባዶ ወንበር፣ ከወዲህ የኔ። ተቀመጥኩ። በሩ ተከፈተና አንድ ሐኪም ገባ። «ኖር!» ብዬ ተነሳሁ። «በእግዜር፣ ይቀመጡ እናቴ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ገባ፣ ተነሳሁ። ሦስተኛዋ ልጄ የምትሆን ናት፣ ለእሷም ተነሳሁ። ዳሌዬ ውስጥ ቢላ የሚያዞሩ ያህል ነበር። ግን ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ መቀበል ያላደግኩበት ነገር ነው፤ ጥርሴን ነክሼ፣ ፊቴን ፈታ አድርጌ ብድግ። ሻይ ይዛ ለገባችው ልጅ እንኳ ግማሽ ድረስ ተነስቻለሁ።

«እንዴት ነዎት እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እናንተስ? ቤተሰብ ደህና ነው?»

«ያምዎታል?»

«ትንሽ ትንሽ… ዕድሜም አለ።»

በማላውቃቸው የተከበሩ ሰዎች ፊት ስለ ዳሌና ስለ መግል ላውራ? እግሬን ነካ ነካ አደረጉ፣ ጎንበስ ቀና ይበሉ አሉኝ፣ አልኩላቸው። መርቄያቸው ወጣሁ።

ውሳኔው ሲደርስ ሙሉ እዚያው ኮሪደር ላይ አነበበችልኝ። «ያለ ድጋፍ ተቀምጣ መነሳት ትችላለች። ደህና መሆኗንም ራሷ ገልጻለች። በመሆኑም ጉዳቷ ለአበልና ለሕክምና የሚያበቃ አይደለም።» ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ የይግባኙ ውሳኔ ግን የመጨረሻ ነው ይላል።

እንባዬ መጣ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ተቀመጥኩ። አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከወገቡ ጎብጦ ዱላ የተደገፈ ሰው አጠገባችን ቆመ።

«አካም ጅርቱ?» አለኝ፣ እንዴት ነዎት ማለቱ ነው።

«ፈያ፣ ገለታ ዋቃ» አልኩት። ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለፈጣሪ።

«ፈያ ነዎት? እያለቀሱ?» ወረቀቱን ከሙሉ እጅ ተቀብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ሲገቡ ተነሱላቸው፣ አይደል?»

«ለማን?»

«ለሐኪሞቹ!»

«ታዲያ ቁጭ ብዬ ልቀበላቸው? ምን ያለሁ ባለጌ ነኝ?»

«ይኸው! የጣለዎት እሱ ነው። እርስዎ እያከበሯቸው፣ እነሱ እየጻፉ።»

አቶ ለማለት ኦቦ ለሚ ይሉታል፣ የሱሉልታ ሰው ነው። እሱም ወታደር ነበር። ቁስለኛ አንሺ መሆኔን ሲሰማ «ወታደር ለወታደር አንቱ አይባባልም» ብሎ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንቺ አለኝ፣ እኔም አንተ አልኩት። የእርሱ ጉዳይ የት እንደደረሰ ስጠይቀው «የኔ ገና ነው። ያንቺን እንጨርስ» አለኝ። ይግባኙን ከሙሉ ጋር ሆኖ አጻፈ። ከዚያ ሰበታ ድረስ መጥቶ ሊያሠለጥነኝ ተነሳ።

ወንበር መሃል ቤት አስቀመጠልኝ። እሱ ወጥቶ ይገባል። ሲገባ ብድግ እላለሁ።

«ቁጭ በይ!»

«ሳላስበው እኮ ነው።»

እንደገና ይገባል። እንደገና ቂጤ ከወንበሩ ለቀቅ ይላል። ሙሉ ትስቃለች፣ ልጆቹ ይንከባለላሉ። «እናንተ ልጆች፣ ሂዱና የሚገባ ሰው ጥሩልኝ» ይላቸዋል። ጎረቤቱ ሁሉ በተራ ገባ። የዕድራችን ዳኛ ሲገቡ ጭራሽ ቆሜ ጉንጫቸውን ሳምኩ።

«ወታደር ነበርሽ ወይስ የሠርግ አስተናጋጅ?» አለኝ ተስፋ ቆርጦ።

እኔም ተናደድኩ። «ለሚ፣ ይሄ ማታለል ነው። መነሳት እየቻልኩ ቁጭ ብዬ እንደ ሽባ ልታይ?»

ያን ጊዜ ቀልዱን ተወው። ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ። «ባለፈው ከተነሳሽ በኋላ ቤት ገብተሽ ምን ሆንሽ?»

«ሦስት ቀን ተኛሁ።»

«እሱን አዩት?»

«አላዩም።»

«ስለዚህ ያን ቀን መነሳትሽ ነው ውሸቱ። መቀመጥሽ እውነት ነው።»

«እንግዲያው ውጣና እንደገና ግባ» አልኩት።

ቀጠሮው ደረሰ፤ የይግባኙ ቦርድ ሰብሳቢ የሉም ተብለን ተመለስን። በዚያ ሳምንት ዳሌዬ ላይ ያለው የድሮ ጠባሳ ፈነዳና መግል ይፈስ ጀመር። የሰበታዋ ሐኪም ቁስሉን ስታጥብ ፊቷ ተለዋወጠ። «ከዚህ በላይ መጠበቅ አይቻልም» አለች ለሙሉ፤ ለእኔ አላለችም። ግርማ ደግሞ ስልክ ደውሎ ሌላ ቀጠሮ እንደማይጠብቅ፣ ይግባኙ ከወደቀ በማግስቱ በሬውን ገበያ እንደሚያወጣ ነገረን። ግራ ቀኙን አሰብኩት፤ ወይ እግሬ ይሄዳል፣ ወይ የልጅ ልጆቼ እንጀራ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። ትኩሳቱ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን አቁማ «እናቴ፣ ሸርተት ይበሉ፣ እዚህ ፀሐይ ታገኛለች» ብላ ወደ መስኮቱ አስጠጋችኝ። ለሚ ከጎኔ ነው። «ምን ትያለሽ ሲጠይቁሽ?» ይላል። «ያለውን» እላለሁ። «ሲገቡስ?» «አልነሳም።» «እንደገና።» «አልነሳም አልኩህ!»

ስሜ ተጠራ። ሙሉ ደግፋ አስገብታ አስቀመጠችኝና ወጣች።

የመጀመሪያው ሐኪም ገባ። የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ዓይኔን መሬት ተከልኩ። ሁለተኛዋ ገባች። ሰው መሃል ልብሴ የወለቀ ያህል አፈርኩ፤ ፊቴ ነደደ። ከዚያ ሰብሳቢው ገቡ። ጸጉራቸው ነጭ፣ አቋማቸው ቀጥ ያለ፤ የድሮ መኮንን መሆናቸው ከአረማመዳቸው ያስታውቃል። አባቴን የሚያህሉ መሰሉኝ። መላ አካላቴ ተነሺ ይለኛል። አልተነሳሁም።

ወንበራቸው ጋ ደርሰው ሳይቀመጡ አዩኝ።

«እማማ» አሉ፣ «ለሰው አይነሱም እንዴ?»

ለሚ ይህን አላስተማረኝም።

«ልነሳልዎ እፈልጋለሁ ጌታዬ» አልኩ። «ባለፈው ለሦስቱም ተነስቼላቸው ነበር። መነሳት ትችላለች ብለው ጻፉብኝ። አልጋዬ ላይ ስጮህ ግን አንዳቸውም አልነበሩም። ዛሬም ለክብርዎ ብነሳ እግሬ ይቆረጣል። ይቅር ይበሉኝ፣ አልነሳም።»

ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም። ተቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ።

«እንዴት ነዎት?»

«እግዚ…» ብዬ ጀምሬ አፌን ያዝኩ። ከተወለድኩ ለማንም ብዬው የማላውቀውን ቃል ነው ማውጣት ያለብኝ። «ደህና አይደለሁም» አልኩ። አንዴ ከወጣ በኋላ አላቆምኩም። ስለ ጫማው ነገርኳቸው። ስለ መግሉ፣ ስለ ሽታው፣ ልጄ አንሶላዬን ደብቃ እንደምታጥብ፣ ሽንት ቤት በዳዴ እንደምሄድ። እያፈርኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ ሁሉንም።

ሲያልቅ ሰብሳቢው «አሁን ይነሱልኝ» አሉ። «ለክብር አይደለም፤ ለምርመራ። ጥርስዎን ሳይነክሱ፣ ሰውነትዎ በፈቀደው ብቻ።»

ጠረጴዛውን ይዤ ሞከርኩ። ግማሽ ሳልደርስ እግሬ ከዳኝ። ሐኪሟ ሮጣ በብብቴ ያዘችኝ፤ እጇ ዳሌዬ ላይ አርፎ ሲነሳ እርጥብ ነበር። ቀሚሴን ገለጥ አድርጋ አየችና «ጌታዬ፣ ይምጡና ይዩ» አለች። ተነስተው መጡ። እዚያው ወንበሬ ሥር ተንበርክከው ቁስሉን አዩ፤ ራጁንም አዩ።

ውጭ ጠብቁ ተባልን። ያቺ መጠበቅ ከሁሉም ትረዝም ነበር። ሙሉ ጥፍሯን ትበላለች። ለሚ ዱላውን ያዞራል። በኋላ ጸሐፊዋ ብቅ ብላ «የወይዘሮ የሺ ቤተሰብ» አለች። የመጀመሪያው ውሳኔ ተሽሯል፤ አበሉም ሕክምናውም ተፈቅዷል፤ ሕክምናው አስቸኳይ ይሁን ተብሏል። ሙሉ እዚያው ኮሪደር ላይ እልልታዋን ለቀቀችው። የጥበቃው ሰው «እመቤቴ፣ መሥሪያ ቤት ነው!» ሲላት እሱንም አቀፈችው።

በዚያው ሳምንት ተቀደድኩ። ብረቷ ወጣች፣ አጥንቱ ተፋቀ። ከማደንዘዣው ስነቃ ነርሷ የእግሬን ጣት ስትጫን «አዎ፣ ሰማሁሽ» አልኳት። ከጎኔ የተኛችው በሽተኛ ስለ እኔ አለቀሰች። ግርማ ከጫንጮ ወተት ይዞ መጣና ስለ በሬዎቹ ጠባይ ሲያወራኝ ዋለ፤ እንዲያ ደስ ያለኝ ወሬ የለም። ብዙ ወር በክራንች ሄድኩ፣ ከዚያ በዱላ። ዛሬም ቀኝ እግሬ ትንሽ ይጎተታል፣ ሁለቱ ጣቶቼ እንደደነዘዙ ቀርተዋል። ግን ታክሲዬን እሳፈራለሁ፤ ጫማዬም ሲወልቅ ይሰማኛል።

እንግዲህ ልጄ፣ ቦርድ የምትቀርበው፣ ይህን የጻፍኩት ለአንተ ነው። ዋሽ አላልኩህም። ያለውን ተናገር፤ ግን በጥርስህ ይዘህ የምትደብቀውን ጨምረህ ተናገር። እዚያ ክፍል ውስጥ «እንዴት ነህ» ሲሉህ ሰላምታ እንዳይመስልህ፤ ጥያቄ ነው። ሕመም ደግሞ ነውር አይደለም። ነውር ነው ብለው ያሳደጉን አያቶቻችን ቦርድ ቀርበው አያውቁም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ኮሮና ከመግባቱ በፊት የሆነውን ነው እስካሁን ያወራሁት። ይህንን ደግሞ ያወቅኩት ባለፈው ዓመት ነው። ለሚን ልጠይቀው ሱሉልታ ሄድኩ። እሱ ለከብቶቹ ድርቆሽ ሊሰጥ እንደጎበጠ ወጣ። ከሚስቱ ከጫልቱ ጋር ቀረን። «የእሱስ ይግባኝ እስካሁን አልተወሰነም? ሁልጊዜ ገና ነው ይለኛል» አልኳት። ጫልቱ ገርሟት አየችኝ።

«የእሱማ እርስዎን ከማግኘቱ በፊት ያለቀ ነገር ነው» አለች። «እዚያ የሚመላለሰው ለሌላው ሰው ነበር።»

ለሚንም በይግባኙ ያዩት እኚያው ሰብሳቢ ነበሩ። በወገቡ ነበር የተጎዳው። እሷ ደግፋው እስከ በሩ ሄዳ ከዚያ ታይ ነበር። ሰብሳቢው፣ የድሮው መኮንን፣ ሲገቡ ለሚ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ተረከዙን አጋጭቶ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ። ወገቡ መቆም ይችላል ተብሎ ተጻፈ፣ ተዘጋ።

«ከሠርጋችን ወዲህ» አለችኝ ጫልቱ፣ «ቀጥ ብሎ ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።»